ጓደኛችሁን ሮክ ኮንሰርት ልትወስዱ ነው? ከቲኬቱ እስከ ቤት መግቢያው

የምንወደውን ባንድ ለጓደኛ ማሳየት ደስ ይላል። ነገሩ የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። ባንዱን የምንወደው እኛ ነን። ዘፈኑን በቃላችን የያዝነውም እኛ ነን። እሱ የመጣው ስለጠራነው ብቻ ነው። መብራቱ ሲጠፋ እኛ ወደ መድረኩ እንገፋለን፤ እሱ ከኋላ ቀርቶ ስልኩን እየከፈተ ሰዓት ያያል።

ስለዚህ አንድ ነገር ከአሁኑ እንስማማ። የዚያን ምሽት ጋባዥ ናችሁ። አድናቂነቱ ለሌላ ቀን ይቆይ። ከመድረኩ ሥር ቆማችሁ ድምፃችሁ እስኪዘጋ መጮህ ካማራችሁ ሌላ ቲኬት ቁረጡና ብቻችሁን ሂዱ። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

ምሳሌዬ ፉ ፋይተርስ የሚባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ ነው፤ ከተማው ደግሞ ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ። ሌላ ባንድ የምትወዱ፣ ሌላ ከተማ የምትኖሩ ስሙን ቀይሩት፤ አካሄዱ ያው ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

1. መጀመሪያ ጓደኛችሁን

"ሮክ ትወዳለህ?" ብላችሁ አትጠይቁት። "ያን ጩኸት?" ይላችኋል፤ በዚያው ይዘጋል። ይልቅ የሚወደው ዘፈን ውስጥ ምኑን እንደሚወደው አስተውሉ። ጥላሁንን ሲሰማ ዓይኑን የሚጨፍን የድምፅ ሰው አለ። የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ሲሰማ ጣቱ ጠረጴዛ ላይ የማያርፍ የመሣሪያ ሰውም አለ። የመሣሪያ ሰው ለሮክ ቅርብ ነው፤ አትጨነቁለት። የሚከብደው የግጥም ሰው ነው። ቃሉን ካልሰማ ዘፈን አልሰማሁም ይላል፤ ሮክ ኮንሰርት ላይ ደግሞ ቃል አይሰማም። ለእሱ ግጥሙን አስቀድማችሁ ላኩለት።

ጃኖ ባንድን የሚያውቅ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል ማለት ነው። በ2012 የወጣው "ኤርታሌ" የተባለው አልበማቸው ፕሮዲዩሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነበር። ከባድ ኤሌክትሪክ ጊታር በእኛ ዜማ ላይ ሲጫን ምን እንደሚመስል ከእነሱ በላይ የሚያሳይ የለም። ጓደኛችሁ ያን ሰምቶ አንገቱን ከነቀነቀ ቲኬት ፈልጉ። ፊቱን ካጨማደደም ተስፋ አትቁረጡ፤ ግን ትንሽ ቦታና አጭር ምሽት ምረጡለት።

አንድ ነገር ሳይነሳ አይቀርም። "ሮክ የሰይጣን ሙዚቃ ነው ይባላል" የሚል ጓደኛ ይኖራችኋል። ኦርቶዶክስም ይሁን ጴንጤ፣ አትሳቁበት። ምን እንደሚያይ በግልጽ ንገሩት። ፉ ፋይተርስ የራስ ቅልና እሳት ይዞ የሚወጣ ባንድ አይደለም። የባንዱ መሪና ዘፋኝ ዴቭ ግሮል ግን አፉ አይገደብም፤ በሁለት ዘፈን መካከል የሚሳደበው ስድብ ብዙ ነው። ይህንንም ንገሩት። ከዚህ በኋላ "ይቅርብኝ" ካለ ይቅርበት። ግብዣ እንጂ ስብከት አይደለም።

ቀኑንም ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ። የሆስፒታል ወይም የሆቴል ፈረቃ የሚሠራ ሰው ከወር በፊት ካልነገራችሁት አይለቁትም። ኡበር የሚነዳ ከሆነ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ገቢው የሚገኝበት ሰዓት ነው፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይሻለዋል። ሁዳዴ ሲሆን ጭፈራ የማይሄድ ሰውም አለ። ልጅ ያላት ከሆነች ልጁን ማን እንደሚይዝላት ሳይታወቅ "እመጣለሁ" ብትልም አትመጣም።

2. ቦታው ከባንዱ እኩል ነው

ሰው ሮክን የሚጠላው አንዳንዴ ባንዱን ጠልቶ አይደለም። ከስታዲየም ጫፍ ላይ ሆኖ ጣት የሚያክል ሰው ሲዘል አይቶ፣ ድምፁ ከኮንክሪት ላይ እየነጠረ ሲደርሰው ነው የሚጠላው። ስለዚህ ምርጫ ካላችሁ ለመጀመሪያ ቀን ትንሽ ቦታ ውሰዱት።

ዲሲ በዚህ የታደለች ናት። ናይን ተርቲ ክለብ ቪ ስትሪት ላይ ነው፤ 1,200 ሰው ይይዛል። በ1980 ሲከፈት ኤፍ ስትሪት ላይ 930 ቁጥር ነበር፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ወደ አሁኑ ቦታው የተዛወረው በ1996 ነው። ናይንዝ ስትሪት ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ስንቶቻችን ክትፎ በልተን በበሩ አልፈን ሄደናል፤ ውስጡ ምን እንዳለ ሳናውቅ።

ከጎኑ ደግሞ አትላንቲስ አለ። 450 ሰው ብቻ ነው የሚይዘው፤ የተሠራውም የድሮውን የኤፍ ስትሪት ክለብ እንዲመስል ተደርጎ ነው። በሜይ 30 ቀን 2023 ሲከፈት የመጀመሪያው ምሽት ላይ የተጫወተው ማን ነበር? ፉ ፋይተርስ። ወንዙ ዳር ዋርፍ በሚባለው ሰፈር ያለው "አንተም" (The Anthem) የሚባል አዳራሽ 6,000 ሰው ገደማ ይይዛል። በኦክቶበር 2017 የከፈቱትም እነሱ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ከዚህ ከተማ ጋር ያላቸው ነገር ቀላል አይደለም፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ችግሩ ግን ፉ ፋይተርስን ዛሬ 450 ሰው በሚይዝ ቤት ማየት ሎተሪ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምታገኟቸው በስታዲየም ወይም በትልቅ አዳራሽ ነው። እንዲህ ሲሆን ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ጓደኛችሁን መጀመሪያ ናይን ተርቲ ላይ ሌላ ባንድ አሳዩት፤ ሮክ በቅርብ ሲሰማ ደረት ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ይወቅ። ትልቁን ከዚያ በኋላ። ሁለተኛው፣ በቀጥታ ስታዲየም ከወሰዳችሁት ለመቀመጫው አትሰስቱ። ከመድረኩ ጎን ያለ ዝቅተኛ እርከን ፊት ለፊት ካለ ሩቅ ሰገነት ይሻላል።

ሜሪላንድ ኮሎምቢያ ያለው ሜሪዌዘር ፖስት ፓቪሊዮንም አለ፤ ከ1967 ጀምሮ የቆመ። ሣር ላይ መቀመጥ ይቻላል። ብዙ ሕዝብ መሃል መቆም ለሚጨንቀው ጓደኛ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ሜትሮ ግን አይደርስም፤ መኪና ያስፈልጋል።

3. ቲኬቱ

እዚህ ላይ ሰው በብዛት ይታለላል፤ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

ትልቅ ባንድ ቲኬቱ ለሁሉም ከመከፈቱ በፊት ቅድመ ሽያጭ አለው። በባንዱ ወይም በቦታው የኢሜይል ዝርዝር ከተመዘገባችሁ ኮድ ይላክላችኋል። ሽያጩ ከመከፈቱ በፊት አካውንታችሁን ክፈቱ፣ የካርድ ቁጥራችሁን አስገቡ። ወረፋው ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ፓስወርድ ረሳሁ ማለት ቲኬቱን ለሌላ ሰው መስጠት ነው። ሁለቱንም ቲኬት በአንድ ጊዜ ቁረጡ። "እሱ የራሱን ይቆርጣል" ከተባለ አንዱ ሰማይ አንዱ ምድር ይሆናል።

የመቆሚያ ቲኬት ቁጥር የለውም፤ ቀድሞ የመጣ ፊት ይቆማል። ጉልበቱን የሚያመው፣ ቁመቷ አጠር ያለ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲሠራ የዋለ ሰው ካለ መቀመጫ ግዙ። ሦስት ሰዓት ያህል መቆም ቀልድ አይደለም፤ ፉ ፋይተርስ ደግሞ ቶሎ የሚለቁ ሰዎች አይደሉም።

ዋጋውን በሚመለከት አንድ ደህና ነገር ተፈጥሯል። ከሜይ 12 ቀን 2025 ጀምሮ በአሜሪካ የኮንሰርት ቲኬት ሻጭ የግዴታ ክፍያዎችን ጨምሮ ጠቅላላውን ዋጋ ከመጀመሪያው ማሳየት አለበት። ድሮ 60 ዶላር ብሎ ጠርቶ መጨረሻ ላይ 90 የሚያደርገው ነገር በሕግ ተከልክሏል። ሜሪላንድ ደግሞ በ2024 ባወጣችው ሕግ በእጁ የሌለውን ቲኬት የሚሸጥ ነጋዴን ከልክላለች። ቢሆንም ዓይናችሁን ክፈቱ።

ቲኬቱ አልቆ ከሆነ ደግሞ ዳግም ሽያጭ የሚያደርጉትን ትልልቆቹን ድረ ገጾች ብቻ ተጠቀሙ። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ "ሁለት ቲኬት አለኝ፣ በዜል ላክልኝ" የሚላችሁን የማታውቁትን ሰው እለፉት። አሁን በትልልቆቹ ቦታዎች ስልክ ላይ ያለው ባርኮድ በየጥቂት ሰከንዱ ይቀያየራል። ስክሪንሹት ቢልክላችሁ በር ላይ አይሠራም። እውነተኛ ሻጭ ቲኬቱን በመተግበሪያው በኩል ወደ ስማችሁ ያዛውራል። ከዚህ ውጪ የሚባል ነገር ካለ ገንዘባችሁን ያዙ። አንዳንዴ ኮንሰርቱ በሚደረግበት ቀን ከሰዓት በኋላ ዋጋው ይወርዳል፤ ግን እንግዳ ይዞ እንዲህ ዓይነት ቁማር መጫወት አያዋጣም። ብቻችሁን ስትሆኑ ሞክሩት።

ሁለታችሁም አብራችሁ የምትገቡ ከሆነ ሁለቱንም ቲኬት በእናንተ ስልክ ያዙ። እሱ ከሥራ በቀጥታ የሚመጣ ከሆነ ግን ከቀናት በፊት አዛውሩለትና ስልኩ ላይ መግባቱን በዓይናችሁ እዩ። ሁለቱም ሁኔታ ላይ ቲኬቱን ከቤት ሳትወጡ ወደ ስልኩ ዋሌት አስገቡት። በር ላይ ብዙ ሺህ ሰው ስልኩን ሲነካካ ኔትወርኩ ይጠፋል።

ስለ ክፍያው። እኛ ሐበሾች ሂሳብ ላይ መጣላት እንወዳለን። እናንተ ከጋበዛችሁ ከመጀመሪያው "ቲኬቱ የኔ ነው፣ እራቱ ያንተ" በሉትና ጨርሱ። ዝም ብላችሁ ቆርጣችሁ ቆይታችሁ "ግማሹን ላክልኝ" ማለት ነውር ነው፤ በተለይ ዋጋውን ሳይሰማ ከተስማማ።

4. ወሬ አቀብሉት

ሰው የማያውቀውን ባንድ ሦስት ሰዓት አያዳምጥም። የሚያውቀውን ሰው ታሪክ ግን ያዳምጣል። ስለዚህ ከዘፈኑ በፊት ታሪኩን ስጡት።

ግሮል ያደገው ስፕሪንግፊልድ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ ብዙዎቻችን የምንኖርበት ሰፈር። እናቱ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረች። 17 ዓመቱ ላይ ዕድሜውን ዋሽቶ ስክሪም የሚባል የፓንክ ባንድ ውስጥ ድራም መቺ ሆኖ ገባ፤ ትምህርቱንም አቋረጠ። ስክሪም የተመሠረተው የት መሰላችሁ? ቤይሊስ ክሮስሮድስ። አዎ፣ ዛሬ ቡና ለመጠጣትና እንጀራ ለመግዛት የምንሄድበት ቤይሊስ ክሮስሮድስ። ይህን የነገርኩት ሐበሻ ሁሉ "ተው!" ነው ያለኝ። ከዚያ በኋላ ባንዱ የሰፈር ልጅ ይሆናል፤ ጆሮ መስጠት ይጀምራል።

የቀረውን ባጭሩ። በ1990 ኒርቫናን ተቀላቀለ፤ ዓለም ያወቀው በዚያ ነው። በ1994 የኒርቫና ዘፋኝ ከርት ኮቤይን ሲሞት ባንዱ አበቃ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግሮል ስቱዲዮ ገብቶ በሳምንት በማይሞላ ጊዜ አንድ ሙሉ አልበም ቀዳ፤ ከአንዲት የጊታር ክፍል በቀር ሁሉንም መሣሪያ ራሱ ነው የተጫወተው። በጁላይ 4 ቀን 1995 ወጣ። የፉ ፋይተርስ ጅማሬ ይኸው ነው።

ጓደኛችሁ ሐዘን የሚገባው ሰው ከሆነ የ2022ቱን ንገሩት። ለ25 ዓመት አብሯቸው የነበረው ድራም መቺው ቴይለር ሃውኪንስ ጉዞ ላይ እያሉ ቦጎታ ውስጥ ሞተ። በዚያው ዓመት የግሮል እናትም ሞተች። በ2023 ያወጡት አልበም የሁለቱ ማስታወሻ ነው። ሮክ ጩኸት ብቻ የመሰለው ሰው ያን አልበም በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማው ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ያህል ነው የሚሰማው። ዩቲዩብ ላይ የሚያገኛቸው የድሮ ኮንሰርቶች ላይ ከበሮው ላይ ያለው ፀጉረ ረጅሙ ሃውኪንስ መሆኑን፣ አሁን ሌላ ሰው እንደተቀመጠበት ቀድማችሁ ንገሩት።

የሚያስቅም አለ። በጁን 2015 ግሮል ስዊድን ውስጥ ዮተቦሪ ላይ ከመድረክ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ሆስፒታል ሊወስዱት ነው ስንል ሐኪም እግሩን ይዞለት፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኮንሰርቱን ጨረሰ። ከሳምንታት በኋላ ጁላይ 4 ላይ እዚሁ ዲሲ አርኤፍኬ ስታዲየም የመጣው ጊታሮች በተተከሉበት ትልቅ ዙፋን ላይ ተቀምጦ ነው። የዙፋኑን ንድፍ ራሱ ነው የሣለው። ቪዲዮውን አሳዩት።

አሁን ዘፈን። ያወጡትን አልበም ሁሉ አትላኩበት፤ አይከፍተውም። ባንዱ ባለፉት ሳምንታት በሌላ ከተማ ምን እንደተጫወተ የሚያሳዩ የሴትሊስት (የምሽቱ ዘፈኖች ዝርዝር) ድረ ገጾች ኢንተርኔት ላይ አሉ፤ ከዚያ ደጋግመው የሚጫወቱትን ስምንት ወይም አሥር ዘፈን መርጣችሁ በአንድ ፕሌይሊስት ላኩ። ሕዝቡ አብሮ የሚዘምራቸውን አስቀድሙ። መኪና ውስጥ ሲሄድ ይስማው፤ ተቀምጦ እንዲያጠና አታድርጉት። የሚያውቀው ሦስት ዘፈን ካለው በቂ ነው። አዳራሹ ውስጥ የሚያውቀው ዘፈን ሲጀምር ፊቱ ላይ የምታዩት ነገር ቲኬቱን ያወጣዋል።

5. ጆሮ

ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን አልዘልም።

የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም 85 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ አትቆዩ ይላል። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ 100 ላይ ሲደርስ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ሮክ ኮንሰርት 100ን ማለፍ አይከብደውም። ማታ ቤት ስትገቡ ጆሮ የሚጮኸው ለዚህ ነው። የለመደ አድናቂ "ነገ ይተወኛል" ይላል። የጋበዛችሁት ሰው ግን ያን ጩኸት ይዞ ሲተኛ ሁለተኛ አይመጣም።

ከፋርማሲ የሚገዛው ለስላሳ የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ ርካሽ ነው፤ በደንብ ካልገባ ግን ዋጋ የለውም። አገባቡ እንዲህ ነው። እጃችሁን ታጠቡ። መድፈኛውን በሁለት ጣት እያሻችሁ እንደ ቀጭን እርሳስ እስኪሆን ጠቅልሉት። በሌላው እጃችሁ ከጭንቅላታችሁ በላይ አልፋችሁ የጆሯችሁን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡት፤ ቀዳዳው ቀጥ ይላል። ቶሎ አስገቡትና በጣት ጫፍ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይዛችሁ ቆዩ፤ እስኪያብጥ ድረስ። በትክክል ከገባ የራሳችሁ ድምፅ ከሆዳችሁ የሚመጣ ይመስላችኋል። ግማሹ ውጭ ቀርቶ የሚንጠለጠል ከሆነ አልገባም።

ትንሽ ገንዘብ ማውጣት ከፈለጋችሁ ለሙዚቃ ተብሎ የሚሠራ መድፈኛ አለ። ድምፁን ይቀንሳል እንጂ አያፍነውም፤ ዘፋኙም ጊታሩም ጥርት ብሎ ይሰማል። ለጓደኛችሁ የምትሰጡት ስጦታ ይኸኛው ቢሆን ጥሩ ነው። የትኛውንም ብትይዙ አገባቡን ቤት ውስጥ አስለምዱት። ጨለማ ውስጥ፣ ድራም እየተመታ፣ "ጆሮህን ሳበው" ብሎ መጮህ አይሠራም።

6. የዕለቱ ምሽት

ሰዓቱን አብራርታችሁ ንገሩት። የሐበሻ ኮንሰርት የለመደ ሰው "በር 7 ሰዓት ይከፈታል" ሲባል በልቡ "እንግዲህ እኩለ ሌሊት ላይ እንደርሳለን" ይላል። አይፈረድበትም፤ በጁላይ የስፖርት ፌስቲቫል ሰሞን ዘፋኙ መድረክ ላይ የሚወጣው ስንት ሰዓት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሮክ ኮንሰርት ግን በሰዓቱ ነው። በር 7 ላይ ከተከፈተ መክፈቻው ባንድ 8 ገደማ ይጀምራል፤ ዋናው 9 አልፎ ይወጣል፤ 11 ገደማ መብራት ይበራል። ከአገር ቤት ገና ከመጣ ደግሞ "ከምሽቱ 1 ሰዓት" ብላችሁ ንገሩት፤ 7 ሰዓት ብላችሁት ከቀትር በኋላ እንዳይመጣ።

ናይን ተርቲ ከሆነ የምትሄዱት እራቱን ናይንዝ ስትሪት ብሉ። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ በያይነቱ አለ። ክትፎ ግን ከኮንሰርት በፊት አልመክርም፤ ሆድ ከብዶ መቆም ቅጣት ነው። በሜትሮ ከመጣችሁ በግሪን ላይን ዩ ስትሪት ጣቢያ ውረዱ። ፓርኪንግ በዚያ ሰፈር ማታ ማታ ራስ ምታት ነው።

መታወቂያ እንዲይዝ አስታውሱት፤ ዋናውን፣ የስልክ ፎቶ አይደለም። መንጃ ፈቃድ ገና ያላወጣ ሰው ፓስፖርቱን ይያዝ። አልኮል ለመግዛት 21 መሙላቱ ይታያል። ትልቅ ቦርሳ ቤት ይቅር፤ ስታዲየሞች ብርሃን የሚያሳልፍ ቦርሳ ካልሆነ አያስገቡም። ጫማ የለመደውን ያድርግ፤ ተረከዝ የሌለው። ልብስ እንደፈለገ። ጥቁር ቲሸርት ግዴታ አይደለም።

የባንዱን ቲሸርት የሚገዛ ካለ ስትገቡ ግዙ። ስትወጡ ሰልፉ ረጅም ነው፤ ልኩም ያልቃል።

7. ውስጥ ከገባችሁ በኋላ

የት ልቁም የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ አለው፤ ድምፁን የሚቆጣጠረው ሰው ያለበት አካባቢ። ጠረጴዛው ላይ ብዙ ቁልፍ ያለበት መሣሪያ ዘርግቶ የቆመው እሱ ነው። ድምፁን የሚያስተካክለው ከዚያ ሆኖ በሚሰማው መጠን ነውና አዳራሹ ውስጥ ከሁሉ የሚጠራው እዚያ ነው። ግፊያም የለም። ናይን ተርቲ ላይ ፎቁ ላይ ያለው በረንዳም ጥሩ ነው፤ ቀድማችሁ ከደረሳችሁ ከመደገፊያው ብረት ጎን ቆማችሁ መድረኩን ቁልቁል ታያላችሁ። ከድምፅ ማጉያው ፊት ለፊት ግን አትቁሙ፤ የት እንዳለ ገብታችሁ በዓይናችሁ ፈልጉት።

መሃል ላይ ክብ ሠርተው የሚጋፉ ልጆች ስታዩ ጓደኛችሁ ድብድብ ይመስለዋል። ድብድብ እንዳልሆነ ንገሩት። የራሱ ሥርዓት አለው፤ የወደቀን ወዲያው ያነሡታል፣ የወደቀ ጫማ ወደ ላይ ከፍ አድርገው ባለቤቱን ይፈልጋሉ። ቢሆንም የመጀመሪያ ቀን እዚያ አታስገቡት። ሰው ወደ እናንተ ሲገፋ ጎን ለጎን ሆናችሁ ወደ ግድግዳው ፈቀቅ በሉ እንጂ ወደ ኋላ ለመመለስ አትታገሉ።

መክፈቻውን ባንድ እንዲያይ አድርጉት። "እነሱ አይደሉም እንዴ?" ብሎ ግራ ይጋባል፤ አስረዱት። ሁለቱ መካከል ያለው ግማሽ ሰዓት ውሃ ለመጠጣት፣ ሽንት ቤት ለመሄድ፣ ከተለያያችሁ የት እንደምትገናኙ ለመነጋገር ነው። "በር ላይ" አትበሉ፤ ሕዝቡ ሁሉ በር ላይ ነው። የቲሸርት ጠረጴዛውን ወይም አንድ ማዕዘን ምረጡ።

እንዴት ይጨፈራል ብሎ ይጠይቃችኋል። አይጨፈርም። አንገት ይነቀነቃል፣ እጅ ከፍ ይላል፣ ይዘለላል። ትከሻው ከተነሣ ግን ይነሣ፤ እስክስታ በሮክ ሲሄድ አይቻለሁ፣ አጠገቡ የቆሙት ፈረንጆች ስልካቸውን አውጥተው ነበር።

ዋናው ባንድ ሲወጣ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዘፈኖች አታውሩት። የዘፈን ስም፣ የአልበም ዓመት፣ ይህ ጊታር ምን ዓይነት ነው፤ ሁሉም ይቆይ። በየመሃሉ ግን ፊቱን እዩ። እጁን ጆሮው ላይ ካደረገ መድፈኛው ወጥቷል። ግድግዳ ከተደገፈ እግሩ ደክሟል። መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ራሱን የሚያመው ሰው ካለ ጀርባውን ለመድረኩ ሰጥቶ ትንሽ ይቁም። "አየር ልውሰድ" ካለ አብራችሁት ውጡ፤ የምትወዱት ዘፈን እየተጫወተም ቢሆን። በር ላይ ከወጣችሁ በኋላ መመለስ እንደሚፈቀድና እንደማይፈቀድ ግን ስትገቡ ጠይቁ።

ቪዲዮ ይቅረጽ፤ አንድ ዘፈን። እናቱ ጋ አዲስ አበባ ልኮ "ምንድን ነው ይሄ?" ትበለው። ከዚያ ስልኩን ኪሱ ያድርግ፤ ከኋላ የቆመው ሰው ስክሪኑን ሊያይ አልመጣም።

8. መውጫና ማግስቱ

ፉ ፋይተርስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨርሱት በ1997 ባወጡት ኤቨርሎንግ ነው። ሰው "መኪናው እንዳይጨናነቅ" ብሎ ሁለት ዘፈን ሲቀር ይወጣል፤ ስንት ሰዓት ጠብቆ የመጣበትን ጥሎ። በሜትሮ ከሆናችሁ የመጨረሻው ባቡር ስንት ሰዓት እንደሆነ ከቤት ሳትወጡ እዩ፤ በሳምንቱ መካከልና በሳምንቱ መጨረሻ ይለያያል። ሰዓቱ የሚያጣብቅ ከሆነ የመመለሻውን የኡበር ገንዘብ በበጀታችሁ ያዙ። ኡበር ስትጠሩ ከበሩ ሁለት ሦስት መንገድ ራቅ ብላችሁ ጥሩ፤ ዋጋውም ይቀንሳል፣ ሹፌሩም ያገኛችኋል።

መኪና ውስጥ "እንዴት ነበር?" ብላችሁ አታፋጥጡት። ጆሮው ገና አልተመለሰም። ስለ ሰዉ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለዚያ ጺማሙ ሰውዬ ካወራ በራሱ ጊዜ ወደ ዘፈኑ ይመጣል። "አልወደድኩትም" ካለም አትከራከሩት፤ በሚቀጥለው ጊዜ እሱ የሚወደው ዘፋኝ ሲመጣ እናንተ በሐበሻ አቆጣጠር እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ትቆማላችሁ፤ ያኔ እሱ ጋባዥ ነው።

በማግስቱ የምሽቱን ሴትሊስት ላኩለት። ድረ ገጾቹ ላይ ብዙ ጊዜ በዚያው ሌሊት ይወጣል። የሚቀጥለውን ኮንሰርት ግን እናንተ አታንሡት። እሱ "ያ አሥረኛው ላይ የተጫወቱት ምን ነበር?" ብሎ ከጻፈ የአትላንቲስንና የናይን ተርቲን የወሩን ፕሮግራም ላኩለትና እሱ ይምረጥ።